በለቅሶ ቤት የጠፋው ማሞቂያ

አሁን የምሠራው አትላንታ አጠገብ፣ ፒችትሪ ኮርነርስ ውስጥ፣ መስኮት በሌለው ንጹሕ ክፍል ነው። ጠረጴዛዬ ላይ የማሞቂያ መቆጣጠሪያ ሰሌዳዎች ይደረደራሉ። አንድ በአንድ ኤሌክትሪክ እየሰጠሁ እፈትሻቸዋለሁ፤ የሚሠራውን ወደ ቀኝ፣ የማይሠራውን ወደ ግራ አስቀምጣለሁ። እጄ አይቆሽሽም። የሚያለቅስ ሰው አላይም፣ የሚቆጣኝ የለም፣ ውሻም አያሯሩጠኝም። ደመወዙ ከበፊቱ ይሻላል፤ ስለ ደመወዝ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

የናፍጣ ማሞቂያ ጥገናን የተውኩት ሥራው ራሱ ስላለቀ ነው። አትላንታ የጋዝ አገር ናት። ናፍጣ የሚያነድዱ ቤቶች ድሮም ጥቂት ነበሩ፤ አብዛኞቹ የጋዝ መስመር ያልደረሰባቸው፣ ከከተማው ወጣ ያሉ ያረጁ ቤቶች ናቸው። እነሱም አንድ በአንድ በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ተተኩ። ቫኑን ያስረከብኩ ቀን ጓደኞቼ "በሠላሳ አራት ዓመቱ ጡረታ የወጣ" እያሉ ሲስቁብኝ አመሹ። ይሳቁ። ሙያው ግን ከእኔ በፊት አርጅቷል። በዚህ ከተማ ውስጥ የሚያውቀው አበሻ፣ እስከማውቀው ድረስ፣ ሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎት ቤት ተቀምጧል፣ አንዱ እኔ ነኝ። ስለዚህ እጽፋለሁ።

የመጀመሪያ ሥራዬ ኮሌጅ ፓርክ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል ነበር። አምፖል እቀይራለሁ፣ የተደፈነ ቧንቧ እከፍታለሁ፣ የየክፍሉን ማቀዝቀዣ አጸዳለሁ። የጥገና አለቃችን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ለማንኛውም ብልሽት መድኃኒቱ አንድ ነው፦ አውጣና አዲስ ክተት። ዕቃው ለምን እንደተበላሸ ስጠይቀው "ምን ይሠራልሃል?" ይለኛል። ይህ መልሱ ያንገበግበኝ ነበር። ሊጣሉ የወጡትን ዕቃዎች እየለመንኩ ወደ ቤት እወስድና እፈታቸዋለሁ። ቪዲዮ እያየሁ፣ ያረጁ መመሪያዎች እያነበብኩ፣ የፈታሁትን መልሼ እየገጠምኩ ተማርኩ። አንድ ቀን ከአሮጌ ብረት ነጋዴ የናፍጣ በርነር ገዝቼ በረንዳ ላይ በታተንኩት። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ "እኔ ሩምሜት ፈለግኩ እንጂ ጋራዥ አልተከራየሁም" ብሎ አኮረፈኝ።

በርነር ብዙ የሚያስቸግር ዕቃ አይደለም። ፓምፑ ናፍጣውን ከታንክ ይስባል። ኖዝል የምትባል ጫፏ እንደ መርፌ ቀዳዳ የጠበበች ነገር ናፍጣውን ወደ ጭጋግ ለውጣ ትረጨዋለች። ኤሌክትሮድ የሚባሉ ሁለት የብረት ጫፎች በመካከላቸው ብልጭታ ይሰጣሉ፤ ጭጋጉ ይቀጣጠላል። ነበልባሉን የምትጠብቅ አንዲት ዓይን አለች። ዓይኗ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ እሳት ካላየች ሁሉንም ነገር ታቆማለች። ያን ጊዜ ሰው መጥቶ ቀዩን ቁልፍ መጫን አለበት፤ ሲጫን ሁሉም እንደገና ይጀምራል። አንድ ነገር ግን ማወቅ ያስፈልጋል። ቁልፉ ተጭኖ እሳቱ ካልተነሣ፣ የተረጨው ናፍጣ የትም አይሄድም። እሳት ማንደጃው ክፍል ውስጥ ይጠራቀማል፣ ይጠብቃል።

ይህን ያስተማሩኝ ጋሽ ደምሴ ናቸው። ጋሽ ደምሴ ከሱዳን የስደተኞች ካምፕ ተነሥተው በረዶ በማያጣ በአንድ የአሜሪካ ሰሜናዊ ከተማ ለብዙ ዓመታት ኖረዋል። እዚያ ናፍጣ የማያነድድ ቤት የለም ማለት ይቻላል። ጉልበታቸው ብርዱን አልችል ሲል ወደ አትላንታ መጡና የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ጥገና ከፈቱ። ቢሮውን የያዘችው እዚህ ያደገችው ልጃቸው ሄለን ናት። ሥራ ልጠይቅ ስሄድ ጋሽ ደምሴ ትምህርት ቤት የት እንደገባሁ አልጠየቁኝም። አንድ አሮጌ በርነር ፊቴ አስቀምጠው "ምን ሆናለች?" አሉኝ። ፈትቼ የተሰነጠቀውን የኤሌክትሮድ ሸክላ አሳየኋቸው። "ሰኞ ና" አሉኝ።

ልማዶቻቸው ብዙ ናቸው። ቤት ሲደርሱ የመሣሪያ ቦርሳውን ከመክፈታቸው በፊት አየሩን ያሸታሉ። መሣሪያ ወለል ላይ አያስቀምጡም፤ ንጹሕ ጨርቅ ያነጥፋሉ፣ ከላዩ ይደረድራሉ። ኪሳቸው ውስጥ ምንጊዜም ክንድ የማትሞላ፣ መስታወት የመሰለች የፕላስቲክ ቱቦ አለች። ፓምፑና የናፍጣው መስመር መካከል ያስገቧትና የሚያልፈውን ይመለከታሉ። በኤሌክትሮዶቹ ጫፍ መካከል ያለውን ርቀት ደግሞ ሁልጊዜ በመለኪያ ነው የሚያዩት። አንድ ጊዜ "ልክ ነው፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ" ብላቸው፣ መነጽሬን ተመልክተው "ዓይንህ መለኪያ ከሆነ ይሄን ምን አንጠለጠለብህ?" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሳልለካ ገጥሜ አላውቅም።

አንድ ልማዳቸውን ግን አልወድላቸውም ነበር። ሰው ቤት ሲገቡ ይቀመጣሉ። ሥራው ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ እየጠበቀ እሳቸው ሳሎን ይቀመጣሉ፤ ስለ ልጆቹ ይጠይቃሉ፣ የቀረበውን ይቀምሳሉ። እኔ ዝምተኛ ነኝ፤ ሰው ቤት ምን እንደምል አላውቅም። በጓሮ በር ገብቼ፣ ሠርቼ፣ ያገኘሁትን ነግሬ መውጣት ነው የምወደው። ይህ ልማዳቸው ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር።

ከእሳቸው ጋር ብዙ በርነሮች አየሁ። አንዷ ፀሐይ በወጣ ጠዋት ብቻ አልነሣ ትል ነበር። ሁለት ባለሙያዎች ግማሽ ዕቃዋን ቀይረውላታል። ጋሽ ደምሴ ወንበር ስበው ፊቷ ተቀመጡ፤ ብዙ ሰዓት አዩዋት። በመጨረሻ ተነሥተው የቤዝመንቱን መስኮት በካርቶን ሸፈኑት፤ ተነሣች። በሽፋኗ ስንጥቅ የገባው የፀሐይ ብርሃን ዓይኗን "እሳት አለ" እያሰኛት ነበር። እንዲህ ዓይነቱ ቀን ለወራት ደስ ሲያሰኘኝ ይከርማል። ከሁሉም የማልረሳው ግን የወይዘሮ ዘውድነሽ ቤት ነው።

ወይዘሮ ዘውድነሽና ባለቤታቸው ከሎረንስቪል ወጣ ብሎ ባለ አሮጌ ቤት ይኖሩ ነበር። ልጅ የላቸውም። ቤቱን የገዙት ከብዙ ዓመት የሌሊት ሥራ በኋላ ነው። የናፍጣው ታንክ ግቢው ውስጥ ተቀብሯል፤ በርነሩ ቤዝመንት ነው። ብርዱ የውሃ ቧንቧ በሚያፈነዳበት የክረምት ሳምንት ባለቤታቸው በድንገት አረፉ።

ሄለን ደወለችልኝ። "ብሩክ፣ ሎረንስቪል ያሉት ሰውዬ አርፈዋል፣ ሰምተሃል? ሂታቸው ስታርት አላደርግ ብሏል። ቤቱ ፉል ነው፣ ላይክ፣ ሰው ገና እየመጣ ነው። ሌላውን ካንስል አድርጌልሃለሁ፣ ቶሎ ሂድ።"

ስደርስ ግቢው በመኪና ተሞልቷል። ሰው ሳሎኑን ስለሞላው ግቢው ውስጥ ትልቅ ድንኳን ተተክሏል፤ የዕድሩ ሰዎች ወንበር ያወርዳሉ። የሥራ ልብሴ ቆሻሻ ነው፤ ለቀስተኛ መሐል መግባት አሳፈረኝ። በጓሮ በር በቀጥታ ወደ ቤዝመንት ወረድኩ። ኖዝሏ ቆሽሻለች፤ ቀየርኳት። ፊልትሩን ቀየርኩ። የኤሌክትሮዶቹን ርቀት ለካሁ፣ አስተካከልኩ። ፓምፑ ውስጥ የገባውን አየር ሳስወጣ አረፋ የበዛበት ናፍጣ ወጣ። ፊልትሩን አሁን ስለከፈትኩት ነው ብዬ አለፍኩት። በርነሩ ተነሣ። ጥሩ፣ ጥርት ያለ እሳት ነበር። ማንንም ሳላናግር በመጣሁበት በር ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት እንደገና ተጠራሁ። ጠፍቷል። በዚህ ጊዜ ደረጃውን ወጥቼ የሳሎኑ በር ላይ ቆምኩ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ግድግዳውን ታከው ተቀምጠዋል፤ ወይዘሮ ዘውድነሽ ፍራሽ ላይ ናቸው፣ እግራቸው ላይ ብርድ ልብስ ተደርቧል። እኔ ያለ ሰላምታ፣ ያለ ነፍስ ይማር፣

"ማሞቂያውን ማን ነካው?" አልኩ።

ጥያቄው ትክክለኛ ነበር፤ ቀዩ ቁልፍ ተጭኖ ከነበረ ማወቅ ነበረብኝ። አጠያየቄ ግን እንደ ፖሊስ ነበር። ከመካከላቸው አንድ ትልቅ ሰውዬ ቀና አሉ። አቶ ጌታሁን ናቸው፤ የሟቹ ታናሽ ወንድም።

"ማን ይነካዋል? ለእሱ አይደል እንዴ አንተን የጠራነው?" አሉ።

"ማንም አልተጫነውም?"

"አልነካነውም አልንህ እኮ!"

ወረድኩ። እሳት ማንደጃው ክፍል መመልከቻ አለው፣ ግን በጥላሸት ተሸፍኗል። ልወለውለው እጄን ዘረጋሁና ተውኩት፤ ማንም አልነካውም ተብያለሁ። ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩ።

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ቀጥሎ ከብረቱ ውስጥ "ድው" የሚል ድምፅ መጣ፤ የጭስ ማውጫው መገጣጠሚያ ተላቀቀ፣ ቤዝመንቱ በአንዴ ጠቆረ። ኤሌክትሪኩን አጠፋሁ። ነገር ግን ጥላሸቱ በአየር መሳቢያው ተስቦ ወደ ላይ ወጥቷል። ጩኸትና የወንበር መውደቅ ሰማሁ። ሮጬ ስወጣ ሰው ሁሉ እየሳለ ወደ ግቢ ይወጣል። ማንም አልተጎዳም። ሳሎኑ ውስጥ ግን ነጭ የነበረ ነገር ሁሉ፣ መጋረጃው፣ ነጠላው፣ የሟቹ ፎቶ ላይ የተደረገው ጨርቅ፣ ግራጫ ሆኗል።

አቶ ጌታሁን ክንዴን ያዙ። "አንተ ልጅ፣ አንዱን ቀብረን ሳንመለስ ሌላ ልታስቀብረን ነው?"

ክንዴን ለቀቁት።

"በቃ፣" አሉ ወደ ሰዉ ዞረው፣ "ይሄ ቤት በዚህ ብርድ ሰው አይኖርበትም። ዘውዴ ዛሬ እኔ ቤት ኮሌጅ ፓርክ ትሄዳለች። ቤቱ ይዘጋ። በኋላ የሚሆነውን እናያለን።"

ሁለት ሴቶች ሻንጣ ሊያዘጋጁ ገቡ። ወይዘሮ ዘውድነሽ ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ይቅርታ ልጠይቃቸው ስጠጋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ልጄ፣ ይሠራል ወይስ አይሠራም?" አሉኝ።

"ምክንያቱን ካገኘሁት ይሠራል፣ እትዬ።"

"እንግዲያው ፈልገው። ጌታሁን ክፉ ሰው አይደለም፣ በርዶሽ ትሞቻለሽ ብሎ ነው። ግን ዛሬ ከዚህ ከወጣሁ፣ ወደ ቤቴ የምመለሰው እንደ እንግዳ ነው። ቤቱ ላንቺ ብቻሽን አይሆንም፣ ይሸጥ ይሉኛል። እኔም አዝኜ ደክሜ እሺ እላለሁ። እሺ እንዳልል ነው የምለምንህ።"

ለሄለን ደወልኩ። የሆነውን ነገርኳት። "ኦ ማይ ጋድ። ብሩክ፣ ሰው ደህና ነው? ኦኬ። ሻት ዳውን አድርገህ፣ "አይነካም" የሚለውን ቀይ ታግ ለጥፈህ ውጣ። ሲሪየስሊ። ላያቢሊቲ አለብን፣ ይከሱናል።"

"አልወጣም።"

"ምን ማለት ነው አልወጣም?"

"ያጠፋውን ነገር አላገኘሁትም። ሳላገኘው አልወጣም።"

"ዳዲን ልጥራው" አለች።

ጋሽ ደምሴ በከዘራ እየተደገፉ መጡ። ቤዝመንት ይወርዳሉ ብዬ ስጠብቅ በቀጥታ ወደ ድንኳኑ ገቡ። ከወይዘሮ ዘውድነሽ ፊት ዝቅ ብለው "እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ነፍሳቸውን በገነት ያኑር" አሉ። ከዚያ ወንበር ሳቡና ተቀመጡ። የቀረበላቸውን ንፍሮ ዘገን አደረጉ። ስለ ሟቹ ጠየቁ፤ የት ነበር የሚሠሩት፣ እንዴት አረፉ። እኔ በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። አቶ ጌታሁን መኪናቸውን አስነሥተው ሊያሞቁ ወጥተዋል፤ ሻንጣው ደጃፉ ላይ ነው።

በመጨረሻ ጋሽ ደምሴ ዙሪያውን አይተው እንዲህ አሉ።

"ትናንት ማታ እንዴት ያለ ብርድ ነበር! ቤት ውስጥ ሳትቀዘቅዙ ያነጋችሁ ማን ቢበረታ ነው? ያቺን ቀይ ቁልፍ እየተጫነ ያሞቃችሁ ሰው ማነው? እግዜር ይስጠው።"

አንዲት ሴትዮ ፊታቸው ፈካ። "እኔ ነኝ፣" አሉ። "ስኳር ላወጣ ስወርድ ቀይ ነገር አየሁ፣ ተጫንኩት። ወዲያው ተነሣልኝ።"

"ተባረኪ። አንድ" አሉ ጋሽ ደምሴ፣ አውራ ጣታቸውን አጥፈው።

"እኔስ?" አሉ ጥግ ያሉ አዛውንት። "ከዚያ በኋላ እኮ ጠፍቶ ነበር። ሁለት ጊዜ የተጫንኩት እኔ ነኝ።"

"እርስዎ ሁለቴ፣ እኔ ደግሞ ንጋት ላይ" አለ ሌላ ሰው።

"አይ አም ሶሪ፣" አለ ሻይ የሚያዞር ወጣት፣ "እኔ ብዙ ጊዜ፣ ላይክ፣ ደጋግሜ ሆልድ አድርጌዋለሁ። ቪዲዮ ላይ እንደዚያ ስለሚያደርጉ።"

"እኔም ለጸሎት ስነሣ..." አሉ ሌላ እናት።

ጋሽ ደምሴ የሁለቱንም እጅ ጣቶች አጥፈው ጨረሱ። "እንግዲህ ጫማዬን ላውልቅ" አሉ። ድንኳኑ ውስጥ የታፈነ ሳቅ አለፈ። ወይዘሮ ዘውድነሽ እንኳ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። እያንዳንዱ ሰው ብቻውን የነካው መስሎት ነበር፤ እኔ በዚያ አጠያየቅ ስመጣ ጥፋተኛ የሚፈለግ መስሏቸው ዝም አሉ። ያ ሁሉ ሰው በየተራው የረጨው ናፍጣ ነው በእኔ እጅ የፈነዳው።

ስኳር ሊያወጡ የወረዱት ሴትዮ ግን ንግግራቸውን አልጨረሱም ነበር። "ድሮ እኮ እንዲህ አይልም፣" አሉ፣ "ሟቹ ያረፉ ዕለት ማታ፣ አስከሬን ቤት ሄደን ስንመለስ ቤቱ ይሞቅ ነበር። በማግስቱ ድንኳኑ ተተክሎ ምሳ እስኪቀርብ ድረስም ደህና ነበር። ከምሳ በኋላ ነው የጠፋው።"

ጋሽ ደምሴ ወደ እኔ ዞሩ። ከኪሳቸው ያቺን የፕላስቲክ ቱቦ አውጥተው ሰጡኝ።

ወረድን። ኤሌክትሪኩ መዘጋቱን ሁለታችንም አየን፤ እሳት ማጥፊያውን አጠገባችን አቆምን። መመልከቻውን ከፈትኩት። ከክፍሉ ናፍጣውን በጨርቅ እየጠጣሁ አወጣሁ፤ ግማሽ ባልዲ ሞላ። ጥላሸቱን ጠረግኩ፣ የጭስ ማውጫውን ገጠምኩ። ከዚያ ቱቦዋን ከታንኩ በሚመጣው መስመርና በፓምፑ መካከል አስገባኋትና ሞተሩን ብቻ አስነሣሁት። ናፍጣው በቱቦዋ ሲያልፍ ነጭ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ አረፋ።

"ትናንትም አረፋ አይቻለሁ፣" አልኩ። "ፊልትሩን ስለከፈትኩ መስሎኝ ነው።"

"መስሎኝ አይሠራም። አሁን ምን ታደርጋለህ?"

"ታንኩንና መስመሩን ልለያቸው።"

ከቫኑ የናፍጣ ጀሪካን አመጣሁ። የቤቱን መስመር ፈትቼ ፓምፑን በአጭር ቱቦ በቀጥታ ከጀሪካኑ ጋር አገናኘሁት። አየሩን አስወጣሁ፤ ቱቦዋ ጠራች፣ እንደ ሻይ ቀላች። ኤሌክትሪኩን ሰጠሁት። በአንዴ ተነሣ። ዓይኔን ከነበልባሉ ሳላነሣ ቆየሁ፤ አንዴም አልተወላገደም። በርነሩ ጤነኛ ነው። የታመመው መሬት ውስጥ ያለው መስመር ነው፤ በሆነ ቦታ ተቀድዶ ከናፍጣው ጋር አየር ይስባል። አየሩ ሲበዛ እሳቱ ይቋረጣል፣ ሲያንስ ይነሣል።

ጋሽ ደምሴ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። "እንግዲህ ጉልበቴ እዚህ ላይ አብቅቷል። ግቢው ያንተ ነው" አሉ።

የመዳብ ቱቦው ከቤዝመንቱ ግድግዳ የሚወጣበትን ለካሁ። ግቢ ወጥቼ ያንኑ ቦታ ከውጭ አገኘሁት። ከዚያ እስከ ታንኩ መሙያ ድረስ ገመድ ወጠርኩ። ቱቦው ቀጥ ብሎ የሚሄድ ከሆነ ከገመዱ ሥር ነው። ገመዱን እየተከተልኩ ሄድኩ። ድንኳኑ ጥግ ላይ፣ ገመዱ ከክንዴ የሚረዝም የብረት ካስማ ነካ። ካስማው እስከ አንገቱ ድረስ ተመትቶ ገብቷል።

የተከለው ማን እንደሆነ አንዱን የዕድር ሰው ጠየቅኩ። "አቶ ጌታሁን ራሳቸው ናቸው እንጂ። ሌላውን ካስማ እኛ ተከልን፣ ያ ግን እምቢ ሲለን መዶሻውን ነጠቁን።"

አቶ ጌታሁን ሻንጣውን መኪናቸው ውስጥ ከተው የኋላውን በር ሲዘጉ ደረስኩ። ጠዋት ሳሎን በር ላይ ቆሜ የተናገርኩት ድምፅ ገና ጆሮዬ ውስጥ ነበር።

"ጋሼ፣" አልኳቸው፣ "የወንድምዎን ነፍስ ይማር። ጠዋት ይህን ሳልል ገብቼ ነው የጠየቅኳችሁ።"

እጃቸውን ከበሩ አነሡ። "ነፍስ ይማር" አሉ።

"ድንኳኑን በደንብ ነው የተከላችሁት፤ በዚህ ሁሉ ነፋስ አልተነቃነቀም። አንድ ካስማ መንቀል አለብኝ፣ ብቻዬን አልችለውም። አብረውኝ ይይዙልኛል?"

አብረን ሄድን። ገመዱን አዩ፤ ከግድግዳው እስከ ታንኩ ተከተሉት። ምንም ሳልነግራቸው ገባቸው። ካስማውን ግራና ቀኝ ነቀነቅነውና ሳብነው። ጫፉ ከቀዩ ጭቃ ሲወጣ አቶ ጌታሁን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል።

"ድንጋይ መስሎኝ፣" አሉ። ድምፃቸው ተለውጧል። "እምቢ ሲለኝ ጊዜ ወንድሜ የሞተበትን ንዴት ሁሉ እሱ ላይ ነው ያራገፍኩት።"

ኮታቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ወረወሩና ዶማ አምጡ አሉ። ጭቃው ብርዱ ያደረቀው ሸክላ ነው፤ አካፋው ይነጥራል። ተራ እየተቀባበልን ቆፈርን። ቱቦው ጎኑ ላይ ጥፍር የማታህል ቀዳዳ ነበረችው። የተበላሸውን ቆርጬ አወጣሁ፤ ጫፎቹን አሰፋሁ፤ አዲስ ቁራጭ በማያያዣ ገጠምኩ። ሁለት ጊዜ አጠበቅኩት፣ ሁለት ጊዜ ፈተሽኩት። ናፍጣ የጠጣውን ጭቃ ባልዲ ውስጥ ለየሁት። ከዚያ ጀሪካኑን አላቅቄ በርነሩን ወደ ቤቱ መስመር መለስኩት። ቱቦዋ ውስጥ አንዲት አረፋ አልነበረችም።

በመሐሉ ጥቂት ሴቶች ሳሎኑን አጥበዋል፣ መጋረጃውን አውርደዋል። የአየር ማጣሪያውን ቀይሬ ማራገቢያውን አስነሣሁት። ሙቀት መምጣት ሲጀምር ሰው ከድንኳኑ አንድ በአንድ ወደ ቤት ገባ።

ጋሽ ደምሴ ወደ ሳሎን ወጡ። መሣሪያዬን ስሰበስብ ወይዘሮ ዘውድነሽ የደረጃውን መደገፊያ ይዘው ቀስ ብለው ወረዱ። ልረዳቸው ስነሣ በእጃቸው ከለከሉኝ።

"እሱ በነበረ ጊዜ አንድ ቀን እዚህ ወርጄ አላውቅም፣" አሉ። "አሳየኝ።"

"ዛሬ ይረፉ እትዬ። ሌላ ቀን መጥቼ አሳይዎታለሁ።"

"ሌላ ቀን አንተ ላትመጣ ትችላለህ። ብርዱ ግን ይመጣል። አሳየኝ።"

አሳየኋቸው። ናፍጣው የሚዘጋበትን፣ ፊልትሩን፣ የኤሌክትሪኩን ማብሪያ። ዓይኗን ነቅዬ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው፤ ወደ መብራቱ ይዘው አገላብጠው አዩዋት። ከዚያ ቀዩን ቁልፍ አሳየኋቸው። "ይህችን አንድ ጊዜ ብቻ። በአንዴ ካልተነሣ እጅዎን ሰብስበው ይደውሉ።"

"ሌላ ሰው ወርዶ ቢጫንስ?"

"አያስነኩ።"

"እሱን ለእኔ ተወው።"

ማብሪያውን አጥፍቼ ከፊቱ ዞር አልኩላቸው። ጣታቸውን ማብሪያው ላይ አድርገው ትንሽ አመነቱ፣ ከዚያ አበሩት። ሞተሩ አጉረመረመ፣ ብልጭታው ተሰማ፣ እሳቱ ያዘ። ወደ ኋላ ሸሸት አሉ፤ ቀጥሎ ተመልሰው ተጠጉና በመመልከቻው አዩት። ብርሃኑ ፊታቸው ላይ ወደቀ።

ከላይ የአቶ ጌታሁን ድምፅ መጣ። "ዘውዴ! ሻንጣሽን መኝታ ቤት አስገብቼልሻለሁ!"

ወይዘሮ ዘውድነሽ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ተቀምጠው በርነሩን ያዳምጣሉ። ቤቱ በቂ ሲሞቅ በርነሩ ራሱን አጠፋ። ቤዝመንቱ ጸጥ አለ። መሄጃችን ነው ብዬ ቦርሳዬን አነሣሁ።

"ቆይ" አሉ።

ጠበቅን። ሰው ከላይ ይራመዳል፣ ውሃ በቧንቧ ይወርዳል፣ እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከበርነሩ አላነሡም። ብዙ ቆየን። ከዚያ ማንም ሳይነካው፣ በራሱ ጊዜ ተነሣ።

ወይዘሮ ዘውድነሽ ጉልበታቸውን ተደግፈው ቆሙ። "በል እጅህን ታጠብ፣" አሉኝ፣ "ሰዉ ከማዕድ ሳይነሣ ገብተህ ተቀመጥ።"